ሮኒ ጄምስ ዲዮ፣ አያቱና ቡዳ

የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» ለማለት በር ማንኳኳት አያስፈልግም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሄቪ ሜታል የተባለውን ጩኸታም የሮክ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ወይ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል፣ ወይ ከጎረቤት ይጣላል። እኔ የመጀመሪያውን መርጫለሁ። ጠዋት ገና ሳይነጋ ሃይገር ባስ ለመያዝ ስሰለፍ፣ ማታም ቆሜ ስመለስ ከማዳምጣቸው ድምፃውያን ሁሉ አብልጬ የምወደው ሮኒ ጄምስ ዲዮን ነው። ስለ እርሱ የማውቀውን በአማርኛ ለመጻፍ ከተመኘሁ ቆይቻለሁ፤ ዘንድሮ በእማማ ምክንያት ተነሣሁ። እማማ ማን እንደሆኑ በቦታው እናገራለሁ። ዓመታቱን፣ ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

የወላጆቹ ስም ሮናልድ ጄምስ ፓዳቮና ብሎታል። ጁላይ 10 ቀን 1942 በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት ተወልዶ፣ ኮርትላንድ በተባለች የኒው ዮርክ ግዛት ትንሽ ከተማ፣ ዘራቸው ከጣሊያን በሚመዘዝ ወላጆች እጅ አደገ። በአምስት ዓመቱ ትራምፔት መንፋት ጀመረ። ይህ ነገር እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም፤ ምክንያቱም ዲዮ የድምፅ ትምህርት ሳይማር ያንን የሚያህል ድምፅ ከየት እንዳመጣ ሲጠየቅ፣ መልሱ ከትራምፔት የተማርኩት አተነፋፈስ ነው የሚል ነበር። መለከት የሚነፋ ልጅ አየሩን ከሆዱ ሥር ስቦ፣ ቆጥቦ፣ እኩል አድርጎ መልቀቅን ይለምዳል፤ በጉሮሮው ብቻ የሚጮህ ድምፃዊ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ድምፁ ሻክሮ ይቀራል። በዜማ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ከእኔ ይልቅ ያስረዳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ሲያዜም አድሮ ጠዋት ድምፁ ያልተዘጋ መሪጌታ ምስጢሩ ያው ትንፋሹ ነው። ዲዮ በስልሳ ስድስት ዓመቱ የመጨረሻውን አልበም ሲያወጣ ድምፁ አለመድከሙን ልብ ይሏል።

ወደ ዝና ያደረሰው መንገድ ረጅም ነበር። በ1957 ገና የትምህርት ቤት ልጅ ሳለ የመጀመሪያውን ባንድ ከጓደኞቹ ጋር አቋቋመ፤ ያኔ ይጫወቱት የነበረው ሮክ ኤንድ ሮልና የዘመኑ የፍቅር ዘፈን ነበር። «ዲዮ» የሚለውን ስም የወሰደው ጆኒ ዲዮ ከተባለ የታወቀ ወንበዴ ሲሆን፣ ቃሉ በጣሊያንኛ «እግዚአብሔር» ማለት መሆኑ ነገሩን አስቂኝም አስገራሚም ያደርገዋል። በ1968 ባንዱ ይጓዝበት የነበረው መኪና ተጋጭቶ ጊታሪስታቸው ሞተ፤ ዲዮም ቆሰለ። ባንዱ ስሙን እየቀያየረ «ኤልፍ» ሆኖ የመጀመሪያውን አልበም በ1972 ሲያወጣ ዲዮ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ነበር። ዛሬ በሃያ ሁለት ዓመታቸው «አልተሳካልኝም» ብለው የሚያማርሩ የሰፈራችን ድምፃውያን ይህችን ቁጥር ቢይዟት አይከፋም።

የኤልፍን አልበም ፕሮዲውስ ያደረጉት ዲፕ ፐርፕል የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ አባላት ሮጀር ግሎቨርና ኢያን ፔይስ ነበሩ። በዚህ በኩል የዲፕ ፐርፕሉ ጊታሪስት ሪቺ ብላክሞር ድምፁን ሰማው፤ ከባንዱ ሲወጣም በ1975 ዲዮንና የኤልፍን ሙዚቀኞች ይዞ ሬይንቦ የተባለውን ባንድ መሠረተ። ሳይወስድ የተወው የጊታር ተጫዋቹን ብቻ ነው፤ እርሱ ራሱ ጊታሪስት ነዋ!

በ1976 የወጣውን የሬይንቦ ሁለተኛ አልበም ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። እዚያ ውስጥ «ስታርጌዘር» የተባለ፣ ከኦርኬስትራ ጋር የተቀረጸ፣ ከስምንት ደቂቃ በላይ የሚረዝም ዘፈን አለ። አንድ ጠንቋይ ባሪያዎችን ሰብስቦ በበረሃ ሐሩር ድንጋይ እያሸከመ ግንብ ያሠራል፤ ከጫፉ ተነሥቼ እበራለሁ ብሏቸዋል። ግንቡ ሲያልቅ ወጣ፣ ሊበር ሞከረ፣ ወድቆ ሞተ። የሰናዖርን ግንብ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ አዲስ የሚሆነው ተራኪው ድንጋይ ከተሸከሙት አንዱ መሆኑ ነው። ዲዮ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አሁን ወዴት እንሂድ ብሎ ግራ የተጋባ ሰው ድምፅ ያወጣል፤ ቃላቱን የማይሰማ ሰው እንኳን ግራ መጋባቱ ይገባዋል። መስኮቴን ስከፍት ፊት ለፊቴ ዓመታት ያስቆጠረ ያላለቀ ፎቅ አለ፤ ሥራው ሲቀጥል ወንዶችም ሴቶችም በባሬላ አሸዋ ይዘው በባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ ይወጣሉ፣ ሥራው ሲቆም ደግሞ ርግብ ይሰፍርበታል። ያንን ዘፈን እዚህ መስኮት ላይ ቆሜ ከሰማሁ በኋላ በሌላ ቦታ ስሰማው ይጎድልብኛል።

ብላክሞር ለሬዲዮ የሚመች፣ የፍቅር ዘፈን የሚበዛበት ሙዚቃ ስለፈለገ ሁለቱ ተለያዩ። ብላክ ሳባዝ የተባለው የእንግሊዝ የሄቪ ሜታል ባንድ ደግሞ በ1979 ድምፃዊውን ኦዚ ኦዝቦርንን አሰናብቶ ሌላ ይፈልግ ነበር። ዲዮ ገባ፤ በ1980 የወጣው የመጀመሪያው የጋራ አልበማቸው አልቆለታል የተባለውን ባንድ እንደገና አስነሣው። በኦዚና በዲዮ ደጋፊዎች መካከል ያለው ክርክር ዛሬም አላለቀም። እኔ ኦዚን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ኦዚ ብዙውን ጊዜ የጊታሩን ዜማ ተከትሎ ሲዘፍን፣ ዲዮ ከጊታሩ ጋር እየተሟገተ ይዘፍናል። ሙግት የሚወድ የእኔን ይመርጣል።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነው ምልክት የተስፋፋው በዚያን ጊዜ ነው። አመልካች ጣትንና ትንሿን ጣት ቀና አድርጎ፣ ሁለቱን የመሃል ጣቶች በአውራ ጣት መያዝ፤ ዛሬ በየኮንሰርቱ ሁሉም የሚያሳየው ምልክት። ኦዚ በመድረክ ላይ ሁለት ጣቱን ለሰላም ያሳይ ስለነበር፣ ዲዮ የእርሱን መኮረጅ አልፈለገም፤ ስለዚህ ከልጅነቱ የሚያውቀውን ምልክት ወሰደ። ምልክቱ የአያቱ ነበር። ጣሊያናዊቷ አያቱ መንገድ ላይ ዓይኑ የማያምራቸው ሰው ሲያልፍ ጣታቸውን እንዲህ አድርገው ክፉውን ዓይን ይመልሱ ነበር። ጣሊያኖች «ማሎኪዮ» የሚሉት ይህ ነገር እኛ ቡዳ ከምንለው ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው። ዲዮ እኔ ፈለሰፍኩት ብሎ አያውቅም፤ ያስፋፋሁት እኔ ነኝ ይል ነበር። (በ2017 «ኪስ» የተባለው የሮክ ባንድ አባል ጂን ሲመንስ ተመሳሳይ ምልክት በስሙ ለማስመዝገብ አመልክቶ፣ ብዙ ሳይቆይ ማመልከቻውን አነሣ። የሰው አያት አይመዘገብም።)

እማማ ከሥሬ ያለው ፎቅ ላይ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ የወሎ ሴት ናቸው፤ ስማቸውን የሚጠራ ሰው የለም፣ ብሎኩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ቡና ሲያፈሉ፣ ያ እጅ የታተመበትን ቲሸርት ለብሼ ወረድኩ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ቀንድ ምንድን ነው? የሰይጣን ነው ይሉታል አሉ» አሉኝ።

«አይደለም እማማ፣ የቡዳ መከላከያ ነው» አልኳቸውና ስለ ዲዮ አያት ነገርኳቸው። ስኒውን አስቀምጠው ሳቁ።

«እና ክታብ ነዋ! ታዲያ አያትየዋ ምን አጠፉ? እኛስ ለሕፃን ጤና አዳም እናስር የለ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙዚቃዬን «የባልቴቷ ልጅ ጩኸት» ይሉታል።

ዲዮ ከሳባዝ በ1982 በኮንሰርት አልበም ቅንብር ምክንያት ተጣልቶ ከወጣ በኋላ በራሱ ስም ባንድ አቋቋመ። ከበሮ መቺው ቪኒ አፒስ አብሮት ወጣ፣ ጂሚ ቤይን ቤዝ ያዘ፣ ጊታሩን ደግሞ ቪቪያን ካምቤል የተባለ ገና ሃያዎቹን የጀመረ የቤልፋስት ልጅ ተረከበ። በ1983 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው የዲዮ ሥራዎች ቁንጮ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። የሚቀጥለውም ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ግን፣ ወዳጅነቴ ሐቁን እንድሸሽግ ካላደረገኝ በስተቀር፣ በግጥሞቹ ውስጥ ዘንዶውም ቀስተ ደመናውም ንጉሡም ተደጋገሙ።

ወደ 1985 ልመለስ፤ በእኛ አቆጣጠር ወደ 1977 ዓ.ም.። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ቢቢሲ ከኮረም ያሳየው የረሃብ ምስል ዓለምን አስደንግጦ የእንግሊዝ ዘፋኞች ለገና፣ የአሜሪካ ዘፋኞች ደግሞ በጥር ወር ተሰብስበው ዘፍነዋል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። በእነዚያ ስብስቦች ውስጥ ግን የሄቪ ሜታል ሰዎች አልነበሩም ማለት ይቻላል። ጂሚ ቤይንና ቪቪያን ካምቤል ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአንድ የሬዲዮ የእርዳታ ማሰባሰቢያ ላይ ተገኝተው ይህንኑ አስተዋሉ፤ ለዲዮ ነገሩት፣ ሦስቱ አንድ ዘፈን ጻፉ፣ ዲዮም ሥራውን መራው። ግንቦት 12 እና 13 ቀን 1977 ዓ.ም. አርባ ያህል የሮክ ሙዚቀኞች ሆሊውድ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ስቱዲዮውም በጥር ወር የአሜሪካኖቹ ዘፈን የተቀረጸበት ያው ስቱዲዮ ነበር። የጁዳስ ፕሪስቱ ሮብ ሃልፎርድ ነበረ፣ ከአይረን ሜደን ዴቭ ሙሬይና ኤድሪያን ስሚዝ ነበሩ፣ ኢንግቪ ማልምስቲንም ነበረ። ስብስቡን «ሂር ኤን ኤይድ» አሉት፤ በእንግሊዝኛ የመስሚያ መሣሪያ ከሚባለው ቃል ጋር የሚጫወት ስም ነው፣ ሙዚቃቸው ጆሮ ያደነቁራል ለሚሉ ሰዎች የተሰነዘረ ፌዝም ይመስለኛል። ጊታሪስቶቹ ብዙ ስለነበሩ በዘፈኑ መካከል ብቸኛ ጊታር እየተቀባበሉ ይሄዳሉ፤ በአንድ ሠርግ ላይ አሥር አዝማሪ ሲሰለፍ ማለት ነው።

ሙዚቀኞቹ የየራሳቸው ኩባንያ ውል ስለነበራቸው ፈቃዱ ተጓተተና አልበሙ የወጣው በ1986 ነው፤ የዓለም ዓይን በአብዛኛው ወደ ሌላ ዞሮ ነበር። ቢሆንም በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ዶላር ያህል ሰብስቧል። ከታላላቆቹ ሁለት ዘፈኖች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ ሳይሆን፣ እዚህ አገር ስለዚያ ዘመን እርዳታ ሲወራ የእነዚህ ሰዎች ስም ሲነሣ አንድም ቀን አለመስማቴ ነው፤ ልጆችን የሰይጣን አምላኪ ያደርጋሉ ተብለው የሚታሙት እነርሱ ናቸው እኮ።

የቀረውን ባጭሩ ልለፈው። በ1992 ወደ ሳባዝ ተመልሶ አንድ አልበም ከሠራ በኋላ፣ የኦዚ መሰናበቻ በተባለ ኮንሰርት ላይ ለኦዚ መክፈቻ ሆኜ አልዘፍንም ብሎ ወጣ፤ በቦታው ሮብ ሃልፎርድ ዘፈነ። በ2006 ከሳባዝ ጓደኞቹ ከቶኒ አዮሚ፣ ከጊዘር በትለርና ከቪኒ አፒስ ጋር እንደገና ተገናኝቶ በሌላ ስም ዓለምን ዞሩ፤ በ2009ም አልበም አወጡ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የጨጓራ ካንሰር እንዳለበት ተነገረ። ሜይ 16 ቀን 2010፣ በእኛ ግንቦት 8 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ሂውስተን ከተማ ውስጥ ዐረፈ። ሥራ አስኪያጁም የነበረችው ባለቤቱ ዌንዲ በስሙ የካንሰር መርጃ ድርጅት አቋቁማለች። ቡልጋሪያ ውስጥ ካቫርና በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ሐውልት ቆሞለታል።

የ1977 ዓ.ም. ዘፈን ታሪክን ለእማማ ለመናገር ብዙ አመነታሁ፤ ስለዚያ ዓመት ሲጠየቁ ነገር የሚቀይሩ ሰው ናቸው። በመጨረሻ ባለፈው እሑድ ነገርኳቸው፤ ያ ባለ ቀንድ እጅ ያለው ሰውዬ ጓደኞቹን ሰብስቦ ለእናንተ ዘፍኖ ነበር አልኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ስልኬ ላይ ልከፍትላቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ሰውየው አለ?»

«የለም እማማ። ሞቷል፣ ቆየ።»

«የክርስትና ስሙ ማን ነበር?»

አላውቅም ልል ነበር፤ ቆየት ብዬ ግን ጄምስ ማለት ያዕቆብ መሆኑ ትዝ አለኝና ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ምሥራቅ ዞር አሉና፣ «ነፍስ ይማር፣ ያዕቆብ» ብለው ሁለተኛውን ቡና ቀዱልኝ።