ላይተሩን ማን አመጣው?

የምሠራው ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለች ትንሽ ፀጉር ቤት ነው። ቅዳሜ መብራት ሲጠፋ የእኛን ቤት ማየት ነው። ፔስትራ የጀመረችዋ ግማሽ ፀጉሯ ተኝቶ ግማሹ ቆሞ ትቀራለች። ቢጎዲን የተጠቀለለችዋ ካስክ ስር ሆና ታማርራለች። ሹሩባ ግን መብራት አይጠይቅም፤ ስለዚህ ሥራው ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ።

ወንበሬ ላይ ያለችው ልጅ አጋሮ ለሚደረግ ሰርግ ሚዜ ናት። በዊግ ሠርቼላታለሁ፤ የቀረው ጫፉን መዝጋት ብቻ ነው። እኛ በፈላ ውሃ ነው የምንዘጋው። ውሃ ማፍያው ደግሞ የኤሌክትሪክ ነው። ከሰሉ ላይ ቡና ተጥዷል። ጅማ ውስጥ ደግሞ «ጀበናውን አውርዱልኝ» የሚል ደፋር የለም።

አጅባት የመጣችው ጓደኛዋ ከቦርሳዋ ላይተር አወጣች።

«እህቴ ሁሌም በዚህ ነው የምትጨርሰው!»

«አንቺ ልጅ፣ ታጨሻለሽ እንዴ?» አለች ባልደረባዬ።

«ለሻማ ነው ባክሽ! በዚህ መብራት ላይተር ሳይያዝ ይወጣል?»

እውነቷን ነው፣ በላይተር የሚዘጉ ብዙ ናቸው። የተለመደው ዊግ ፕላስቲክ ስለሆነ እሳት ሲነካው ቀልጦ ይጣበቃል። የራስ ፀጉር ግን አይቀልጥም፣ ይቃጠላል። ያ የሚከረፋው ሽታም ፀጉር ውስጥ ካለው ሰልፈር ነው። ጫፉ ላይ አንዲት ዘለላ የራስ ፀጉር ካለች አለቀ።

ለካ ችግሩ ሌላ ቦታ ኖሯል። ጓደኛዋ ወረፋ ስትጠብቅ «የፊቱን ያዢልኝ» ስላለቻት ባልደረባዬ ስፕሬይ ነፍታላት ነበር፤ ገና አልደረቀም። እኔ መቀስ ላነሳ ዞር ስል ጓደኛዋ «ቆይ ላሳይሽ» ብላ ጎንበስ አለችና ላይተሩን ቀጭ አደረገችው።

ቦግ!

ትከሻዬ ላይ የነበረውን እርጥብ ፎጣ ግንባሯ ላይ ለጠፍኩት። ወዲያው ጠፋ። ቤቱ ጭጭ አለ። ከዚያ ሽታው መጣ። ካስክ ስር ያሉት ጠና ያሉ ደንበኛችን አፍንጫቸውን ይዘው፦

«ምነው፣ በዓል ደረሰ እንዴ? ማነው ጭንቅላት የሚለበልበው?»

ተጎጂዋ ራሷ ቀድማ ሳቀች። መስታወት ስታይ ግን ደነገጠች።

«ቅንድቤስ?»

«አለ» አለች ባልደረባዬ። «ግማሹ።»

ቆዳዋን አልነካውም፤ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ስፕሬይ ውስጥ አልኮል አለ። የብዙዎቹ መግፊያ ጋዝ ደግሞ ቡቴን የሚባለው ነው፤ ላይተር ውስጥ ያለውም እሱው ነው። ዘመዳሞቹ ግንባሯ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ይህን ሳስረዳ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ከስፕሬይ መደርደሪያው ሥር የተቀመጠውን ከሰል አየችና ክው አለች። ስንት ቅዳሜ እዚያው ሥር ስንነፋ ኖረናል! ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና የሚፈላው በረንዳ ላይ ነው።

የሚዜዋን ጫፍ የዘጋነው በረካው ተጠጥቶ ጀበናው ሲወርድ፣ ከሰሉ ላይ ባፈላነው ውሃ ነው። ጀርባዋን በፎጣ ሸፍነን፣ ጫፉን ኩባያ ውስጥ ነከር አድርገን። የጓደኛዋን የተቃጠለ ፀጉር ቆርጬ ወደ ጎን አስተኛሁት፤ ቅንድቧን ኩል ቀብተን ሞላንላት።

ሰኞ ሚዜዋ ደወለች። ሰርጉ ላይ የጓደኛዋን የፊት ፀጉር ያየች ዘመዷ «እኔንም እንደሱ ይሥሩኝ» ብላለች አሉ።

«ትምጣ» አልኳት። «ላይተር ግን አታምጣ፣ መቀስ አለን።»