ጎታ የምትባል ከተማ

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ጀርመን አገር ኤርፉርት ከተማ በገባሁ ሰሞን፣ ባቡር ጣቢያው ሰሌዳ ላይ «ጎታ» የሚል ስም አንብቤ ደንግጬ ቆምኩ። ለእኔ ጎታ የአያቴ ጎታ ነው። ወሎ፣ ጓዳ ጥግ የቆመ፣ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ፣ ከታች ያለው ቀዳዳው በጨርቅ የተወተፈ የእህል ማስቀመጫ። እኔ ነፍስ ሳውቅ እህል አልነበረበትም። አያቴ የክት ነጠላዋን፣ የግብር ደረሰኞቿን፣ የሞተ ልጇን ፎቶግራፍ ታኖርበት ነበር። ስሙ ግን ያው ጎታ ነው።

ትናንት ከአረጋውያን መጦሪያው ሥራዬ እረፍት ስለነበረኝ ወደዚያች ከተማ ሄጄ ዋልኩ። በባቡር ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚህ በፊትም ተመላልሼባታለሁ፤ ትናንት ግን በእያንዳንዱ ቤት ደጃፍ እየቆምኩ «አንተ ቀድሞ ምን ነበርክ?» ስል ዋልኩ። (የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዋናው የገበያ አደባባይ ወደ ኮረብታው ሽቅብ ይወጣል። መካከሉ ላይ ያለው ቀይ ሕንፃ ዛሬ ማዘጋጃ ቤት ነው። ሲሠራ ግን፣ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ የነጋዴዎች ቤት ነበር። በ1640 መስፍኑ ኤርንስት፣ «ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው» የሚባለው፣ ጎታን መናገሻው ሲያደርጋት የሚያርፍበት ቤተ መንግሥት ስላልነበረው ሸቀጥ ይራገፍበት ከነበረው ከዚህ ቤት ገባ። እርሱ የራሱን አሠርቶ ከወጣ በኋላ፣ ከ1665 ጀምሮ፣ የከተማው አስተዳደር ገባበት። ነጋዴ፣ መስፍን፣ ጸሐፊ፤ ሁሉም ያንኑ ደጃፍ ረግጠዋል።

ቤተ መንግሥት ያልነበረው ስለፈረሰ ነው። ኮረብታው ላይ ግሪመንሽታይን የሚባል ምሽግ ነበር። የዚያን ጊዜው መስፍን ቪልሄልም ፎን ግሩምባኽ ለሚባል አመፀኛ ባላባት መጠጊያ ሰጠ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ከተማዋን ከበበ፤ በ1567 እጅ ሰጠች። ግሩምባኽ በዚሁ የገበያ አደባባይ አካሉ ተቆራርጦ ተገደለ፣ ምሽጉም እንዲፈርስ ተፈረደበት። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በአደባባዩ ሳልፍ እግሬ ፈጠን ይላል።

ኤርንስት በ1643፣ ገና የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ሳያበቃ፣ በዚያው ኮረብታ አዲስ ቤተ መንግሥት አስጀመረ። የቀድሞው ምሽግ ስም ሲሰሙት የቁጣ ድንጋይ እንደማለት ነው፤ የአዲሱን ግን ፍሪደንሽታይን አለው፣ የሰላም ድንጋይ። አገር በእሳት እየነደደ ቤቱን እንዲህ ብሎ የሚሰይም ሰው ምን ያህል ሰላም ርቦት እንደነበር እኔ ለማሰብ አይከብደኝም። ጦርነትን ትቼ የመጣሁ ሰው ነኝ።

ከግንቦቹ በአንዱ ውስጥ ያለውን ቲያትር ቤት እወደዋለሁ። ቀድሞ ባለሟሎች ኳስ የሚጫወቱበት አዳራሽ ነበር። በ1680ዎቹ መድረክ ገባበት። የመድረኩ ሥር መዘውርና ገመድ ነው፣ ሁሉም እንጨት። ሰዎች መዘውሩን ሲያዞሩት በግራና በቀኝ የቆሙት የሥዕል ሰሌዳዎች ባንድ ጊዜ ይወጣሉ፣ ሌሎች ይገባሉ፣ ጫካ የነበረው ተመልካቹ ዓይን ፊት አዳራሽ ይሆናል። ዛሬም ይሠራል። ስሙን ያገኘው እዚህ በ1770ዎቹ ቋሚ የተዋንያን ቡድን ይመራ ከነበረው ከኮንራድ ኤክሆፍ ነው። ማሽኑ ሲንቀሳቀስ እንጨቱ ሲያቃስት ይሰማል፤ ያ ድምፅ ለእኔ ከተውኔቱ ይበልጣል።

ታች ከተማው ውስጥ በ13ኛው መቶ ዘመን የተመሠረተ የአውግስጢኖሳውያን ገዳም አለ። ማርቲን ሉተር በ1515 ሰብኮበታል። መነኮሳቱ ሲወጡ በ1524 ትምህርት ቤት ተከፈተበት፤ ዛሬ እንግዳ ያድርበታል፣ ቡና ይጠጣበታል። እኔም ጠጣሁ። የፔርቴስ ማተሚያ ቤትም አለ፤ በ1785 ተመሥርቶ በኋላ የዓለምን ካርታ ሲያትም የኖረ፣ በምሥራቅ ጀርመን ዘመን የመንግሥት የሆነ፣ አሁን የካርታዎቹ መዝገብ የሚጠበቅበት።

እውነቱን ለመናገር ግን እግሬ ሁልጊዜ የሚመልሰኝ ወደ ኮረብታው ነው፤ በአባ ጎርጎርዮስ ምክንያት።

አባ ጎርጎርዮስ አምሐራ ውስጥ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። ካቶሊክ ሆነው፣ አፄ ፋሲል የካቶሊክ ሰባኪዎቹን ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላ ከአገር ወጥተው ሮም ገቡ። እዚያ በ1649 ከአንድ የኤርፉርት ወጣት ጋር ተገናኙ፤ ሂዮብ ሉዶልፍ ይባላል፤ ግዕዝ ለመማር የሚቃጠል ሰው። ሉዶልፍ በኋላ በኤርንስት ቤት አገልጋይ ሆነ፣ ስለ ወዳጁም ለመስፍኑ ነገረው፣ መስፍኑም ጠሯቸው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደዚህ ኮረብታ መጡ። ቤተ መንግሥቱ አላለቀም ነበር፤ አናጢውና ድንጋይ ጠራቢው ገና ሥራ ላይ ናቸው። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ወራት ተቀመጡ። መስፍኑ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ንጉሡ፣ ስለ አገሩ ይጠይቃሉ፤ አባ ይመልሳሉ፤ ሉዶልፍ ይተረጉማል፣ ይጽፋል።

ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 ያወጣቸው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከእነዚያ ጭውውቶች የተቀዱ ናቸው። አማርኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዋስው ሆኖ ሲታተም መምህሩ እኒህ መነኩሴ ነበሩ። አባ ግን መጽሐፎቹን አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በዛሬዋ ቱርክ ጠረፍ፣ እስክንድሮና አጠገብ ባሕር ውስጥ ቀሩ።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር መካነ ሥላሴ ይመጣብኛል። አፄ ናዖድ ጀምረውት አፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት፣ በወርቅ ያጌጠ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ በ1531 የግራኝ ጦር አቃጠለው። አባ ጎርጎርዮስ ሲወለዱ ሕንፃው ከጠፋ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያም ሆኖ ሰው አገርህ የት ነው ሲላቸው የዚያኑ ቤት ስም ጠርተዋል። የተቃጠለ ቤት ስም ይዘው የመጡ ሰው ገና ባላለቀ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ቋንቋ አስተማሩ። እኔ በየቀኑ ከአሮጊቶቹና ከሽማግሌዎቹ ጋር በተሰባበረ ጀርመንኛ ስነጋገር፣ እርሳቸው ሉዶልፍ ፊት ቃል ሲፈልጉ ይታየኛል። ያኔ ትከሻዬ ይቀልለኛል።

አመሻሽ ላይ ስወጣ በሰሜኑ በር አለፍኩ። ከበሩ በላይ ሁለት ሴቶች ተቃቅፈው ሲሳሳሙ ተቀርጸዋል፣ ሰላምና ፍትሕ ናቸው። «ሰላም ይመግባል፣ ጠብ ይበላል» የሚል ጽሑፍ አለው። ቅርጹ የተሠራው በ1650 ነው፤ አባ በዚህ በር ሥር ያለፉት ከሁለት ዓመት በኋላ። ዳዊት በቃሉ የሚደግም መነኩሴ ቀና ብሎ ይህን ሲያይ ምን እንደሚለው ለማወቅ ጀርመንኛ አያስፈልግም። አያቴ ጎታው ሥር ቁጭ ብላ፣ አያቴ ወንዱ ዳዊት ሲደግም ስትሰማ፣ እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ አብራው ትለው ነበር።

ሰው አልነበረም። ድምፄን አውጥቼ አልኩት፦ «ሣህል ወርትዕ ተራከባ፤ ጽድቅ ወሰላም ተሰዓማ።»