ቅዳሜን ከፒቢኤስ ጋር

ዛሬ ሥራ ስላልነበረኝ የአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን የሆነው ፒቢኤስ ላይ ተጥጄ ዋልኩ። ጠዋት እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን የኬን በርንስ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘጋቢ ፊልም ጀመርኩ። ሰውየው ያለው የቆየ ፎቶና የወታደር ደብዳቤ ነው፤ ካሜራውን ቀስ አድርጎ ወደ ፊታቸው ሲያስጠጋው ግን የሚነሱ ይመስላሉ። የእኛን የአድዋ ፎቶዎችና ደብዳቤዎች እንዲህ የሚያስነብብልን ማን ይሆን?

ቀጥዬ የከፈትኩትን የእንግሊዝ ድራማ በግማሽ ተውኩት። መኳንንቱ ሻይ እየጠጡ ሲኳረፉ ትዕግሥቴ ያልቃል (ወዳጆቹ ይቅር በሉኝ)።

እማዬን ሶፋው ላይ ያስቀመጣት የምግቡ ፕሮግራም ነው። ማርከስ ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ2018 በጀመረው «ኖ ፓስፖርት ሪኳየርድ» ላይ የዋሽንግተን ዲሲን ሐበሾች ጎብኝቷል።

«ይሄ የማን ልጅ ነው?» አለች።

ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን ያደገ ትልቅ ሼፍ ነው አልኳት።

«ታዲያ ምነው አማርኛ አይናገር?»

እኔ ደግሞ አሜሪካዊቷን የምግብ ባለሙያ ጁሊያ ቻይልድን አሰብኩ። እ.ኤ.አ. በ1963 ከቦስተን የሕዝብ ጣቢያ ለአሜሪካኖች የፈረንሳይ ምግብ አሠራር ማሳየት ጀመረች። አሁን እንጀራችንም በዚያው በሕዝብ ቴሌቪዥን ታየ።

የሙዚቃ ፕሮግራሙን «ኦስቲን ሲቲ ሊሚትስ»ን ለነገ አሳድሬዋለሁ። ሪሞቱ እማዬ ጋ ነው።