በአምስት ዶላር ጀልባ ወደ ሜክሲኮ

ከዳላስ ተነስቶ በቴክሳስና በሜክሲኮ ድንበር ላይ እስካለው ቢግ ቤንድ ፓርክ ድረስ ቀኑን ሙሉ ሲነዱ መዋል ነው። እኔ ግን ከፓርኩ ይልቅ ዓይኔን የጣልኩት ከድንበሩ ወንዝ ማዶ ባለችው ቦኪያስ ዴል ካርመን ላይ ነበር። ኮአዊላ ግዛት ውስጥ ያለች ሚጢጢዬ የሜክሲኮ መንደር ነች። ድልድይ የላትም። ጠዋት በጀልባ ተሻግረህ፣ ምሳ በልተህ፣ የድንበር ጣቢያው ሳይዘጋ ትመለሳለህ።

ጓደኛዬ መጀመሪያ አሻፈረኝ ብሎ ነበር። አይፈረድበትም። እሱ አሜሪካ የገባው ከብራዚል ተነስቶ፣ አገር ላገር እየተሻገረ፣ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳሪየንን ጫካ በእግሩ አቋርጦ፣ ደቡብ ሜክሲኮ ታፓቹላ ከተማ ላይ የማለፊያ ወረቀት ሲጠብቅ ከርሞ ነው። "ከሜክሲኮ ለመውጣት ያየሁትን ፍዳ እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ደግሞ ከፍዬ ልግባላት?" አለኝ። ዛሬ የአሜሪካ ፓስፖርት አለው። በስንት ልመና እሺ ብሎ ሲመጣም፣ መንገዱን ሙሉ ኪሱን እየዳበሰ ነበር።

ስንወጣ ብዙ የጠየቀን የለም። በአሸዋው መንገድ ወርደን ወንዙ ዳር ደረስን። አሜሪካኖቹ ሪዮ ግራንዴ፣ ሜክሲኮዎቹ ሪዮ ብራቮ ይሉታል። "ይሄ ነው እንዴ?" አለ ጓደኛዬ። ውሃው ደፍርሷል፣ ጠባብ ነው። ክንደ ብርቱ ልጅ ድንጋይ ቢወረውር ማዶ ያደርሳል። ቀዛፊው ለደርሶ መልስ አምስት አምስት ዶላር አለን። ገና ሳንቀመጥ ደረስን ማለት ይቀላል። "ለደላሎች የከፈልኩትን ብነግርህ..." ብሎ ጀመረና ሳቁ አቋረጠው። ስንት እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ማዶ አህዮች ተደርድረው ይጠብቃሉ። በእግር መሄድም ይቻላል፤ መንደሩ ሩቅ አይደለም። እኔ አህያ ላይ ወጣሁ። ጓደኛዬ የገበሬ ልጅ ነው፤ "በቅሎ ቢሆን እሺ፣ አህያ ላይ ተቀምጬ ሰው ቢያየኝስ?" ብሎ እምቢ አለ። በዚያ በረሃ ማን ሊያየው እንደሆነ እንጃ። ከጎኔ እየተራመደ፣ ኮርቻው አላግባብ ታስሯል ብሎ ከባለ አህያው ጋር በምልክት ሲከራከር ደረስን።

መንደሯ አንድ አቧራማ መንገድና ግራ ቀኝ የተሰለፉ ቤቶች ነች። ከኋላዋ የሴራ ዴል ካርመን ገደል ቆሟል። ሴቶቹ በየደጃፋቸው ጠረጴዛ ዘርግተው የእጅ ሥራ ይሸጣሉ። ጥልፉ ላይ አህያ አለ፣ ቁልቋል አለ፣ ግንብ አንፈልግም የሚል ጽሑፍም አለ። ጓደኛዬ ከመዳብ ሽቦ የተሠራ ጊንጥ ገዛ። ጭራው ወደ ላይ ተቆልምሟል፤ ዓይኖቹ ሁለት ጥቃቅን ዶቃዎች ናቸው። ምሳችን የፍየል ሥጋ ታኮ ነበር። ስለሱ ብዙ አልልም፤ ደግመን አዘናል።

የበላንበት ቤት አስተናጋጅ ያጫወተን ነገር ግን አልወጣልኝም። ድሮ የሁለቱም ዳር ሰው እንደ ጎረቤት ይመላለስ ነበር። ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ አሜሪካ መሻገሪያውን ዘጋች። እስከ 2013 ድረስ እንደተዘጋ ቆየ። መንደሯ የምትኖረው በጎብኚ ነበርና ብዙ ሰው ጥሏት ሄደ። አስበው፤ ሱቁ ከወንዙ ማዶ ይታይሃል፣ በሕጋዊ መንገድ ለመድረስ ግን በረሃ ለበረሃ የሰዓታት መንገድ መዞር አለብህ። የቀሩት የእጅ ሥራቸውን ወዲህ አሻግረው ድንጋይ ላይ ይተዉ ነበር፤ ዋጋው በወረቀት ተጽፎ፣ አጠገቡ የገንዘብ ማስቀመጫ ጣሳ። ገዢው እቃውን ወስዶ ብሩን ይጥላል። ዛሬም ይህን የሚያደርጉ አሉ። ፓርኩ እንዳትገዙ ይላል፤ እቃው በጉምሩክ ስላላለፈ ኮንትሮባንድ ነው። ሕጉ ይገባኛል። ግን ባለቤቱ ሳይኖር በሰው እምነት የሚሸጥ ኮንትሮባንድ ሰምቼ አላውቅም።

ስንመለስ ጣቢያው ውስጥ ፓስፖርታችንን ማሽን ላይ አድርገን ስልክ አነሳን። መኮንኑ ሌላ ከተማ ሆኖ በካሜራ ያየናል። የጓደኛዬ ግንባር በላብ ተጠምቋል።

"ምን ይዘህ መጣህ?"

"ጊንጥ።"

ወዲያ ማዶ ፀጥ አለ። "የሽቦ! የሽቦ ነው!" ብሎ እያነሳ ለካሜራው አሳየ። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አለፍን።

ስልካችን ኔትወርክ ያገኘው ከፓርኩ ርቀን፣ ማራቶን የምትባል ከተማ ጋ ስንደርስ ነው። አገር ቤት ሊነጋጋ ሆኗል፤ እናቱ ለቤተ ክርስቲያን እንደሚነሱ ስለሚያውቅ ደወለ። "እማዬ፣ ዛሬ ሜክሲኮ ሄጄ መጣሁ" አላቸው።

"ምነው ልጄ! ደግሞ ምን ልትሠራ ተመለስክባት!" የእሳቸው ጩኸት መኪናውን ሞላው። በቪዲዮ ደውሎ ፓስፖርቱን እስኪያሳያቸው ድረስ አልተረጋጉም። ከዚያ በኋላም ቢሆን ስልኩን ለእኔ እንዲሰጠኝ አዘዙትና፣ ልጃቸውን ሁለተኛ ወደዚያ እንዳልወስድባቸው አስማሉኝ።