ከእንጨት አጥሩ ወዲህ

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ወደምትገኘው የጄጁ ደሴት ያቀናሁት በአንድ ምክንያት ብቻ ነበር፤ በደቡባዊው ጠረፍ፣ ጁንግሙን አጠገብ፣ ከባሕሩ ዳር የተደረደሩትንና ጁሳንግጆሊ የሚባሉትን የባዛልት ዓምዶች ለማየት። ከሴኡል ያለው በረራ አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃዎች ስለሚፈጅ ስለ እርሱ የምለው የለኝም።

ስለ ሌሊቱ ግን የምለው አለ። ያረፍኩበት ቤት በቆየው የኮሪያውያን ልማድ ወለሉ ከሥር የሚሞቅ፣ እንግዳውም ስስ ፍራሽ ዘርግቶ የሚተኛበት ነበር። መደብ ላይ ያደግሁ ስለሆንኩ ምን ሊቸግረኝ ብዬ ተኩራራሁ፤ የአያቴ መደብ ግን ከሥሩ እሳት አልነበረበትም። ማጥፊያውን ፍለጋ በማላነበው ፊደል የተጻፉትን ቁልፎች ስነካካ ሙቀቱን ይባስ ጨመርኩትና እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እንደ ምጣድ ቂጣ ስገላበጥ ቆየሁ።

በማግስቱ 2,000 ዎን ከፍዬ ገባሁ። በጥድ ዛፎች መካከል ጥቂት እንደተራመድኩ መሬቱ በድንገት ያበቃና ጥቁር ዓምዶች ጎን ለጎን ተጣብቀው ከባሕሩ ውስጥ ቀጥ ብለው ይታያሉ፤ ረጃጅሞቹ 30 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። ማዕበሉ ከሥራቸው ገብቶ በነጭ አረፋ ተመልሶ ሲወጣ፣ አጫጭሮቹ አናታቸው የማር እንጀራ መስሎ ይገለጣል። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ይህን ጠራቢ እንጂ ተፈጥሮ አልሠራውም የሚል ነበር።

ነገሩ ግን በበጋ የዋልካ መሬት ሲሰነጠቅ ላየ ሰው እንግዳ አይደለም። ዋልካው ውሃውን ሲያጣ እንደሚኮማተር ሁሉ፣ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለው ቅልጥ አለትም ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ስንጥቁ ከቀዘቀዘው ገጽ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ውጥረቱን በተሻለ የሚያረግበው በ120 ዲግሪ የሚገናኝ ስንጥቅ ስለሆነም አብዛኞቹ ዓምዶች ባለ ስድስት ጎን ይሆናሉ። ቆሜ ስቈጥር ግን ባለ አምስትም ባለ ሰባትም አግኝቻለሁ፤ እነዚህን ከሌሎቹ ይልቅ ወደድኳቸው።

ያበሳጨኝ አጥሩ ነው። ጎብኚው በእንጨት ርብራብ ላይ ቆሞ ከማየት በቀር ወደ ድንጋዩ መውረድ አይችልም፤ ያን ያህል መንገድ የመጣሁት ደግሞ እጄን ላሳርፍበት ነበር። የደኅንነት ጉዳይ እንደሆነ ይገባኛል። ይሁንና በእኛ አገር ኤርታሌ አፋፍ ላይ አጥር የለም፤ ፊትን የሚለበልበው ወላፈን ራሱ ዘበኛ ነው። አኩርፌ ወጣሁ።

ደሴቲቱ ድንጋይ፣ ነፋስና ሴቶች የበዙባት ናት ይባላል፤ አውቶቡስ በምጠብቅበት ቦታ ሦስቱንም አንድ ላይ አገኘኋቸው። አንዲት አረጋዊት እናት ከፌስታላቸው መንደሪን አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ስነግራቸው የቃኘው ሻለቃን ያነሡልኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ፈገግ ብለው «ኮፒ!» አሉ፤ ቡና ማለታቸው ነው። ከኋላቸው የመንደሪኑን ማሳ የከበበ ካብ ነበር። ጭቃም ሲሚንቶም የለውም፤ ጥቋቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች እንዲሁ ተነባብረው በመካከላቸው ሰማይ ይታያል። ነፋሱ በቀዳዳዎቹ ሾልኮ ስለሚያልፍ ካቡን አይጥለውም። ኮንሶዎች ቢያዩት የእርከናቸውን ዘመድ ባወቁት ነበር።

መዳፌን አሳረፍኩበት። እንደ ሞረድ ይሻክራል፤ ድንጋዩ ገና ቅልጥ ሳለ በውስጡ የተያዘው ጋዝ የተዋቸው ቀዳዳዎች የትንሿን ጣቴን ጫፍ ያስገባሉ፤ ፀሐይ የመታው ጎኑ ለብ ብሏል፤ ጥላው ያለበት ግን ቀዝቃዛ ነው። ቀዳዳዎቹን በጣቴ እየዳበስኩ አውቶቡሱ መድረሱን አላየሁም ነበርና፣ እኒያ እናት ክንዴን ይዘው ጎትተው አሳፈሩኝ።