ስለ ሆስፒታል ሲወራ ነርሷ የት አለች?

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር የሰራተኛ ማህበር ሰዎች ተሰባስበን ግራ ዘመም ነን ከሚሉ ፖለቲከኞች ጋር ቁጭ ብለን ነበር፣ ስለ ህዝብ አገልግሎት ልናወራ ማለት ነው፣ ውሃው ሆስፒታሉ ትምህርት ቤቱ ምናምኑ። እንዴት ነበር እንዴት ነበር የሚለኝ ሰው ስለበዛ ለእያንዳንዱ በውስጥ መስመር ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። የፓርቲያቸውን ስም አልጠራም፣ የማንንም ስም አልጠራም፣ ያለንበትን ጊዜ ታውቁታላችሁ።

ከእኛ በኩል የሆቴል፣ የፋብሪካና የባንክ ሰራተኞች ነበሩ። አንዲት የመንግስት ነርስና ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ደግሞ እንዲሁ በጓደኝነት ተጠርተው መጥተዋል (ይሄን "በጓደኝነት" የሚለውን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ)። ቦታው ማራኪ አካባቢ ያለች ጠባብ አዳራሽ፣ ሰዓቱ ከምሳ በኋላ፣ ምክንያቱም ከመሸ ባጃጅ አይገኝም፣ ቢገኝም ማን ያመሻል። እንግዶቹ ሁለት ናቸው፣ አንደኛው የ66ትን አብዮት በአይናቸው ያዩ ፀጉራቸው የነጣ ሽማግሌ፣ ሁለተኛው ኢኮኖሚክስ የተማረ፣ ላፕቶፑን ታቅፎ የመጣ ልጅ።

ሽማግሌው ከየካቲት ጀመሩ፣ ያው እንደሚጠበቀው፣ ግን እውነት ለመናገር ጥሩ አድርገው ጀመሩ። የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን ስራ ሲያቆሙ የደሞዝ ጥያቄም ነበረበት፣ ወላጅና ተማሪ አብሯቸው የቆመው ግን ሴክተር ሪቪው የሚባለው የትምህርት ፖሊሲ የድሃውን ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ያስቀረዋል ብሎ ነው አሉ። ወሩ ሳያልቅ የካቲት 28 ደግሞ የያኔው የሰራተኞች አንድነት ማህበር አጠቃላይ የስራ ማቆም አድማ መታ፣ አራት ቀን። እና የሳቸው ነገር ሲጠቃለል፣ ሰራተኛ የራሱን ኪስ ብቻ ሲያነሳ ብቻውን ይቀራል፣ የሰፈሩን ጉዳይ ሲያነሳ ሰፈሩ ይከተለዋል ነው።

ጡረተኛው መምህር ግን ከኋላ ሆነው አላስጨረሷቸውም። "ከዛስ ጋሼ?" አሉ። ከዛማ ምን አለ፣ ደርግ ማህበሩን ዘጋና በ1969 መኢሠማን (የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማህበርን) ለራሱ እንዲመቸው አድርጎ አቋቋመ፣ ከግራ ድርጅቶቹ መኢሶን ለደርጉ ሂሳዊ ድጋፍ እሰጣለሁ ሲል ኢሕአፓ ከተማ ውስጥ መሳሪያ አንስቶ፣ ሁለቱም ለሰራተኛው መደብ ነው የምንታገለው እያሉ ሰራተኛው መሀል ላይ ተፈጨ። ቀይ ሽብር ጎንደር ላይ ምን እንዳደረገ ለጎንደር ሰው አይነገርም። እናቴ እስከዛሬ ቤት ውስጥ የፓርቲ ወሬ ከተነሳ ተነስታ መስኮት ትዘጋለች። ስለዚህ እዚህ ከተማ ላይ "ሰፊው ህዝብ" ብለህ ንግግር ስትጀምር ግማሹ ታዳሚ እግሩ ወደ በሩ ነው የሚያየው። ሽማግሌው አልተከራከሩም፣ "እውነትዎን ነው" ብለው ዝም አሉ፣ እኔ ደሞ ለዚች ዝምታቸው ነው ያከበርኳቸው፣ ሌላው ቢሆን ጥፋቱን ሁሉ ወደ ሌላኛው ድርጅት ነበር የሚያላክከው።

ወሬው ነፍስ የዘራው የአንድ ሆቴል ማህበር ሊቀመንበር የሆነችው ሴትዮ ስትነሳ ነው። ምንም ንግግር አላደረገችም። ከቦርሳዋ የደሞዝ ስሊፗን አወጣች፣ ከዛ በጎማ ላስቲክ የታሰረ የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ከስሊፑ አጠገብ አንድ በአንድ ደረደረችው። አማቷ ስኳር አለባቸው። ሀኪም ያይላቸዋል፣ ይጽፍላቸዋል፣ ካርዱም ርካሽ ነው፣ ከዛ የጤና ተቋሙ ፋርማሲ ጋ ሲደርሱ "የለም፣ ከውጭ ግዙ"። አንዱ ደረሰኝ የኢንሱሊን ነው፣ አንዱ የመለኪያው ስትሪፕ፣ አንዱ ሲሪንጅ፣ አንዱ ላይ ደግሞ ጓንት ይላል፣ ሀኪሙ የሚያጠልቀው ጓንት ማለት ነው፣ እሱንም በሽተኛው ነው የሚገዛው። "ልጄ እስኪ ይቺን ደምርልኝ" አለችው ባለ ላፕቶፑን። ደመረ፣ ስሊፑን አየ፣ እንደገና ደመረ፣ ከዛ ላፕቶፑን ከደነው። "ግብር የማይነካው ደሞዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለላችሁ ሲሉን በ2017 ደስ ብሎን ነበር፣ እሱ እዚችው ጋ አለቀ" ብላ አንዱን ደረሰኝ በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

ቀጠለች ደሞ። "እህቴ ደንቢያ ገበሬ ናት። በዓመት የመድን መዋጮዋን ትከፍላለች፣ መታወቂያዋን ይዛ ትታከማለች። እኔ ደሞዝተኛ ስለሆንኩ አንቺን አይመለከትም ተባልኩ። በምን ሒሳብ ነው?"

ነገሩ እንዲህ ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚባለው በ2003 በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ላይ ተሞክሮ ከዛ እየሰፋ የመጣ ነው፣ የታሰበው ለገበሬውና መደበኛ ቅጥር ለሌለው የከተማ ሰው ነው። ለደሞዝተኛው ሌላ አዋጅ አለ፣ የማህበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002፣ ሰራተኛው 3 በመቶ አሰሪው 3 በመቶ ያዋጣሉ የሚል። ወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ሊጀመር ነው ይባላል፣ ላም አለኝ በሰማይ። እና አዳራሹ መንግስትን መራገም ሲጀምር ጡረተኛው መምህር እንደገና ብድግ አሉ፣ "መንግስትን ብቻ አትርገሙ፣ እኛም እኮ እምቢ ብለናል" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ያኔ ሊቆረጥ ነው ሲባል ብዙ የመንግስት ሰራተኛ በተለይ መምህሩ አጉረምርሟል፣ ደሞዛችን ለወሩ ሳይበቃ 3 በመቶ ቆርጣችሁ ፋርማሲው ባዶ ከሆነ ምን ልንጠቀም ነው ብሎ። ይሄ ደግሞ ስንፍና አይደለም፣ ሒሳብ ነው።

እዚህ ጋ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፣ ለኔ የቀኑ ምርጡ ክፍል ይሄ ነበር። የፋብሪካው ልጆች እንክፈል አሉ፣ የባንኩ ልጅ አይሆንም አለ፣ ምክንያቱም እሱን መስሪያ ቤቱ ያሳክመዋል፣ በግል ክሊኒክ ነው የሚታከመው፣ ከኪሱ ለምን 3 በመቶ ይጣል። ሊቀመንበሯ ዞር ብላ አየችውና "አንተ የኔ ወንድም፣ ባንኩ ያሰናበተህ ለታስ?" አለችው። ልጁ ሳቀ ግን መልስ አልሰጠም። እኔ እንደሚመስለኝ በአንድ ማህበር ጥላ ስር ያሉ ሰዎች እርስ በእርስ እንዲህ ካልተጨቃጨቁ ከፖለቲከኛ ጋር ሄዶ መነጋገር ጥቅም የለውም፣ ፖለቲከኛውማ ሁሉም ነጻ ይሆናል ይልሃል፣ ከየት መጥቶ ስትለው ሀብታሙን ግብር እናስከፍላለን ይልሃል፣ እሺ ጥሩ፣ እስከዛስ?

ባለ ላፕቶፑ ግን አንድ ጥሩ ታሪክ ነገረን። ዌልስ ውስጥ ትሬዴጋር በምትባል ከተማ የከሰል ማዕድንና የብረት ሰራተኞች ከደሞዛቸው እያዋጡ የራሳቸውን ሀኪሞች ቀጥረው ይታከሙ ነበር። የዛች ከተማ ልጅ አናይሪን ቤቫን ከልጅነቱ ጀምሮ ማዕድን የቆፈረ፣ በማህበር ትግል ያደገ ሰው ነው፣ የእንግሊዝ የጤና ሚኒስትር ሲሆን ያንን አሰራር ለሀገሩ ሁሉ አደረገው፣ በፈረንጆቹ ሐምሌ 1948 ነው ለሁሉም ነጻ ህክምና የተጀመረው፣ በ1951 ደግሞ መነጽርና ሰው ሰራሽ ጥርስ በክፍያ ይሁን ሲባል ስልጣኑን ጥሎ ወጣ። "እድር ነዋ!" አለ አንዱ ከኋላ፣ አዳራሹ በሳቅ። እድር ነው እኮ እውነትም፣ ልዩነቱ የኛ እድር ድንኳኑንና ወንበሩን ይዞ የሚመጣው ከሞትክ በኋላ መሆኑ ነው፣ የነሱ በቁምህ ሀኪም ይዞ መጣ።

ሁሉም ሰው ስለ ማህበርተኛ ፖለቲከኛ ደስ እያለው ሲሄድ እኔ ዛምቢያን አነሳሁ (ደስታ ማበላሸት እወዳለሁ)። ፍሬደሪክ ቺሉባ የዛምቢያ ሰራተኛ ማህበራት ኮንግረስ መሪ ነበር፣ በ1991 እ.ኤ.አ ተመርጦ ፕሬዝዳንት ሆነ፣ ከዛ የመዳብ ማዕድኖቹን ለግል የሸጠው የሱው መንግስት ነው። ማዕድኖቹ ደግሞ ለሰራተኛው ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ያስተዳድሩ ነበር፣ አብሮ ሄደ። ስለዚህ የማህበር መታወቂያ ኪሱ ውስጥ ስላለ ብቻ ሰው አይታመንም፣ ሽማግሌው ይሄን ስል ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ልጁ ግን ቅር ያለው መሰለኝ።

አሁን ወደ ነርሷ ልምጣ። ብዙ ሰዓት ዝም ብላ ነበር የቆየችው። ሽማግሌው "የእናንተ ማህበር አቋም ምንድን ነው የኔ ልጅ?" ብለው ሲጠይቋት "ማህበር የለንም ጋሼ" አለቻቸው። የሙያ ማህበር አለ፣ ስልጠና ምናምን ያዘጋጃል፣ ቁጭ ብሎ ከአሰሪው ጋር የህብረት ስምምነት የሚደራደር ግን የለም። ምክንያቱም የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ 1156/2011 የመንግስት ሰራተኛን አይመለከትም። አስቡት፣ አስር ሰራተኛ ያለው ሆቴል ማህበር ማቋቋም ይችላል፣ በመቶ የሚቆጠር ነርስ ያለው የመንግስት ሆስፒታል አይችልም። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 42 ላይ ግን የመንግስት ሰራተኞችንም፣ የስራቸው ጠባይ የሚፈቅድላቸውንና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉትን፣ የመደራጀት መብት አላቸው ይላል፣ ዝርዝሩ በህግ ይወሰናል ብሎ ይተወዋል። ህገ መንግስቱ የ1987 ነው። ስለ መደራጀትና መደራደር መብት የሚናገሩትን 87 እና 98 የሚባሉትን የዓለም አቀፉ ስራ ድርጅት ስምምነቶች ደግሞ ሀገራችን የፈረመችው በጃንሆይ ጊዜ በ1955 ነው!

በ2018 መግቢያ የመንግስት ሰራተኛው መነሻ ደሞዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ሲል ነርሷ የሰማችው እንደኛው በዜና ነው። ማንም ከማንም አልተደራደረም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ስራ ሲያቆሙ የታሰረው ታሰረ፣ የተባረረው ተባረረ፣ ህዝቡም "በሽተኛ ጥለው ሄዱ" አላቸው። "ጓንት የለም ብለን ስንት ጊዜ ለአለቃ ጻፍን፣ እሱን ግን ማንም አላየውም" አለች ነርሷ። ሊቀመንበሯ ጓንት የሚለውን ደረሰኝ አንስታ ሰጠቻት፣ ሁለቱ ሴቶች ተያዩ፣ ስለ አንድ ጓንት ነው እኮ የሚያወሩት፣ አንዷ ገዥ ሆና አንዷ አጥታው።

የኔ ነጥብ እዚህ ጋ ነው እንግዲህ። ስለ ህዝብ አገልግሎት የተጠራ ስብሰባ ላይ አገልግሎቱን የሚሰጡት ሰዎች በጓደኝነት ነው የመጡት፣ በውክልና አይደለም። ግራ ዘመም ፓርቲ ነኝ የሚል ሰው ጎንደር ድረስ መጥቶ ስለ ሆስፒታል ሲያወራ መጀመሪያ የምጠይቀው ነርሷ በህግ የምትደራደርበትን ማህበር እንድታገኝ ፓርላማ ላይ ምን ረቂቅ ይዘህ ትገባለህ ነው። ልጁን ጠየቅነው። "ስናሸንፍ በፕሮግራማችን መሰረት" ብሎ ጀመረ፣ ሊቀመንበሯ "ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" አለች፣ በቃ።

ውሃ ላይ ደግሞ ጭራሽ ጠፋን። ልጁ ውሃ ለግል ባለሀብት መሰጠት የለበትም ብሎ አምርሮ ተናገረ፣ ሰው ሁሉ እያየው ነው፣ እዚህ እኮ ውሃው የመንግስት ነው፣ ችግሩ አይመጣም። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ከተማው እየሰፋ፣ የመገጭ ግድብ ደግሞ ግንባታው ከተጀመረ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ጣና አጠገብ ተቀምጠን ያው የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ነው። ሀብታሙ ጣሪያው ላይ ሮቶ ይሰቅላል፣ ቦቴ ያስመጣል፣ ድሃው ቢጫ ጀሪካን ይዞ ሌሊት ይጠብቃል። ማንም ሳይሸጠው በየግቢው ለግል ሆኗል። ይሄን ሲሰማ ልጁ ደብተር አወጣና መጻፍ ጀመረ፣ ይሄንንም ለሱ ልያዝለት፣ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈው ነገር ነው።

ውሃው ለምን እንደማይመጣ፣ የትኛው መስመር እንደሚያፈስ፣ ፓምፑ መቼ እንደሚቆም የሚያውቁት እዛው የሚሰሩት ናቸው፣ እነሱ ግን አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። ውሃና መብራት፣ ሆስፒታል፣ እሳት አደጋ፣ ቴሌ፣ እነዚህ ሁሉ አዋጁ ላይ እጅግ አስፈላጊ የህዝብ አገልግሎት ተብለው የስራ ማቆም አድማ የማይፈቀድባቸው ናቸው። አድማውስ ይቅር፣ እሺ፣ ሰው ውሃ ይጠማዋል፣ በሽተኛ ይሞታል፣ ይገባኛል። ግን አድማ የማይመታ ሰራተኛ በሌላ መንገድ ካልተሰማ በምን ይናገራል?

ሳንጨርሰው ሰዓቱ ደረሰ፣ ባጃጁ ሊገባ ነው ተባለ፣ ሽማግሌው ከጡረተኛው መምህር ጋር ተቃቅፈው ተሳሳሙ (በኋላ እንደሰማሁት ያኔ በተለያየ ድርጅት ውስጥ ነበሩ፣ ዝርዝሩን አልጠየቅኩም)። ለሚቀጥለው ጊዜ እንግዶቹ በአንቀጽ 42ና በ3 በመቶው ላይ አቋማቸውን በጽሁፍ ይዘው እንዲመጡ ተስማምተናል፣ ከእኛ በኩል ደግሞ የውሃ ሰራተኞችን እንድናመጣ። አንዱን የማውቀውን የቧንቧ ሰራተኛ ደውዬ ጋበዝኩት፣ አለቃዬ ካልፈቀደ አልመጣም አለኝ፣ አለቃው ደግሞ ደብዳቤ አምጡ አለ፣ ደብዳቤው ላይ ማህተም የሚያደርግ ማህበር የለም ስንለው እንግዲህ ምን ላድርጋችሁ አለ። አሁን የሆቴሉን ማህበር ማህተም እናድርግበት ወይ እያልን እየተጨቃጨቅን ነው፣ ሊቀመንበሯ ችግር የለም ብላለች።