ከኪሱ የወጣችው ጎማ

የታሸገ ውኃ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነበርኩ። ገበያችን በበጋ ይጦፋል፣ ክረምት ሲገባ ቀዝቀዝ ይላል። ስለዚህ አለቆቻችን ማሽን ላይ የሚሠራውን ልጅ ሁሉ በሦስት በሦስት ወር ውል መቅጠር ጀመሩ፤ ሲያስፈልግ ይታደሳል፣ ካላስፈለገ «ደህና ሁን» ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወቅታዊ ሥራ እንዲህ ያለ ውል ይፈቅዳል። እኔም አልከበደኝም፤ እንዲያውም ወረቀቱን ፈርሜ የማስተላልፈው እኔ ነበርኩ።

ሌብል መለጠፊያው ላይ አንድ ልጅ ነበረን። ውሉ ሦስቴ ታድሶለታል (ወቅታዊ የተባለው ሥራ ዓመት ሞላው ማለት ነው፣ ማንም ልብ አላለም እንጂ)። በእሱ ፈረቃ ማሽን አይቆምም። በሌላው ፈረቃ ግን፣ ወጪ እንቀንስ ብለን የጠርሙሱን ፕላስቲክ ስስ አድርገነው ስለነበር፣ ጠርሙሱ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል፣ ሌብሉ ተጣሞ ይወጣል፣ ከዚያ ማሽኑ ይቆምና ጩኸት ነው። «የልጁ እጅ ጥሩ ነው» ብለን አለፍነው።

ክረምት መጣ፣ ውሉ አልታደሰም። በሳምንቱ ግራ ገባን። ቴክኒሻን ጠራን፣ ሴንሰር ቀየርን፣ ወይ ፍንክች! እያፈርኩ ደወልኩለት። መጣና ከኪሱ አውራ ጣት የምታህል የጎማ ቁራጭ አውጥቶ፣ ጠርሙሱን ደግፎ የሚያሳልፈው ብረት ላይ ሰካት። መንገዳገዱ ቀረ። ለካ ፈረቃ ሲገባ ይሰካታል፣ ሲወጣ ነቅሎ ኪሱ ይከታታል!

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጋሼ፣ ብነግርዎትማ በማግሥቱ እኔ ለምን አስፈልጋለሁ?»

መልስ አጣሁ። በሩ ላይ፣ ከአምስቱ «ማ»ዎች (የሥራ ቦታ ማደራጃ ደንቦች) ፖስተር ሥር፣ የካይዘን (ሥራን በየጊዜው የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) የሐሳብ መስጫ ሳጥን ተሰቅሏል፤ ቁልፉ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ሥልጠናው ላይ ቶዮታ ቶዮታ ሲሉን ነበር የዋሉት። ቶዮታ ግን የሠራተኛውን ሐሳብ መሰብሰብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ በ1950 ሠራተኛ ልቀንስ ብሎ አድማ ተነሥቶበት፣ መሥራቹ ኪይቺሮ ቶዮዳ ከፕሬዚዳንትነት እስከ መልቀቅ ከደረሱ በኋላ። ይህችን ያነሳልን ሰው አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ ታሪኩን ሲሰማ «ቶሎ መልሰው!» አለኝ። ልጁን በር ድረስ እየሸኘሁት ነገርኩትና፣ ስለ ማሽኑ ሌላም የሚያውቀው ነገር ካለ ጠየቅሁት።

ፈገግ አለ። «ውሉ የስንት ወር ነው?»